ምስር የሚለቅም ዓይን

በደባርቅ፣ በዳባትና ከሰሜን ተራሮች ግርጌ በሚገኙት ቀበሌዎች የዓይን ሕመም ሲነሣ ቀድመው የሚታወሱት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከልጅነት ጀምሮ የዓይን ቆብን እያቆሰለ በመጨረሻ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ የሚቀለብሰው የዓይን ማዝ ወይም ትራኮማ ሲሆን፣ ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ከእርጅና ጋር የሚመጣው የዓይን ሞራ ነው። ሁለቱም ሊያሳውሩ የሚችሉ በመሆናቸው የጤና ዘመቻውም፣ ቀዶ ሕክምናውም፣ የሕዝቡም ሥጋት ወደ እነርሱ ማዘንበሉ ተገቢ ነው። ከእነርሱ ጎን ግን የማያም፣ የማያቀላ፣ የማያሳውር፣ ነገር ግን አርባ ዓመት ባለፈው ሰው ሁሉ ላይ ለማለት በሚቻል ደረጃ የሚደርስ ሌላ የእይታ ችግር አለ። ይህም በቅርብ ያለን ነገር አጥርቶ የማየት አቅም ቀስ በቀስ መድከም ሲሆን፣ በሕክምናው ቋንቋ ፕሬዝባዮፒያ ይባላል። ሕመም ስለሌለው እንደ በሽታ አይቆጠርም፤ እንደ በሽታ ስለማይቆጠርም መድኃኒት አይፈለግለትም፤ መፍትሔው ግን በዓይን ሕክምና ውስጥ ካሉት ሁሉ ቀላልና ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው።

ለቸልታው ዋነኛው ምክንያት ችግሩ ፊደል የቆጠረ ሰው ችግር ብቻ ተደርጎ መታየቱ ይመስላል። መነጽር ከመጽሐፍና ከቢሮ ጋር ተያይዞ ስለሚታሰብ፣ ማንበብ ለማትችል የገበሬ ሚስት ምን ያደርግላታል የሚል ግምት በብዙዎች ዘንድ አለ። ግምቱ ስሕተት መሆኑን ለመረዳት የአካባቢውን ሥራ መመልከት ይበቃል። የወገራና የደባርቅ ደጋ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ምስር የሚበቅልበት አገር ሲሆን፣ እህሉ ከአውድማ ተነሥቶ ድስት እስኪገባ ድረስ የሚያልፍባቸው እጆች ሁሉ የቅርብ እይታ ያስፈልጋቸዋል። አንዲት እናት ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ምስሩን በጣቷ እየበተነች ስትለቅም፣ በመጠንም በመልክም እህሉን የሚመስለውን ጠጠር የምትለየው በቀለሙ ጥቂት መደብዘዝና በጠርዙ ሹልነት ነው፤ ከዓይኗ እስከ ሰፌዱ ያለው ርቀትም ከአርባ እስከ ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ዓይኗ በዚያ ርቀት ማነጣጠር ሲሳነው ጠርዝ የሚባለው ነገር ይጠፋል፣ ጠጠሩና ምስሩም አንድ ይሆናሉ። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ሰፌዱን ወደ ጉልበቷ ትገፋዋለች፤ ቀጥላ ከቤት ወጥታ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች፤ ሁለቱም አልበቃ ሲሏት ሥራውን ለልጇ ትሰጣለች፤ ልጅቷም ለትምህርቷ ልታውለው የምትችለውን ሰዓት በምስር ለቀማ ታሳልፈዋለች። የእናት ዓይን መድከም የሚያስከፍለው ዋጋ በዚህ መንገድ ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ይህ ዋጋ ግን በየትኛውም የጤና መዝገብ ላይ ሰፍሮ አይገኝም።

ጥጥ የምትፈትል፣ አክርማና አለላ እያዋሐደች ሞሰብ የምትሰፋ፣ በእግር በሚረገጥ መኪና ገበያ ዳር ልብስ የሚሰፋ፣ ከልጅ እግር ውስጥ የተሰበረ እሾህ የሚያወጣ፣ በሞባይል ስልክ ገንዘብ ሲልክ የቁጥሮቹን ተራ የሚያጣራ፣ የመድኃኒት መጠቀሚያ ጊዜ ማለፍ አለማለፉን የሚያይ ሁሉ በዚሁ ችግር ውስጥ ያልፋል። መዝሙረ ዳዊትን በቃሉ የያዘ ካህን ደግሞ የዓይኑን መድከም ለራሱ እንኳ ሳያስታውቅ ብዙ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ መድከሙ የሚገለጠው እምብዛም የማይነበብ ምንባብ ደርሶት፣ ጧፍ በሚበራበት ደብዛዛ ብርሃን መጽሐፉን ወደ ዓይኑ ማቅረብ ሲጀምርና ማቅረቡ ጭራሹን ፊደሉን ሲያጠፋበት ነው።

የችግሩን ምንነት ለመረዳት ዓይን ርቀትን የሚያስተካክልበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። ወደ ዓይን የሚገባውን ብርሃን መጀመሪያ የሚያጥፈው ከፊት ያለው ግልጽ ሽፋን ኮርኒያ ሲሆን፣ ቀጥሎ ከብሌኑ በስተኋላ የሚገኘው ሌንስ የቀረውን አጥፎ በዓይን የኋላ ግድግዳ በተዘረጋው፣ ብርሃንን በሚቀበለው ሬቲና ላይ ያሳርፈዋል። ኮርኒያ ቅርጹን አይለውጥም፤ ሌንሱ ግን ይለውጣል። በሌንሱ ዙሪያ እንደ ቀለበት የተዘረጋ ጡንቻ ያለ ሲሆን፣ ከዚህ ጡንቻ ወደ ሌንሱ እጅግ የቀጠኑ ክሮች ተወጥረዋል። ሰው ሩቅ ሲያይ ጡንቻው ስለሚላላ ክሮቹ ይወጠሩና ሌንሱን ጠፍጣፋ ያደርጉታል፤ ቅርብ ሲያይ ደግሞ ጡንቻው ስለሚኮማተር ክሮቹ ይረግቡና ሌንሱ በራሱ የመለጠጥ ባሕርይ ይወፍራል፣ ብርሃንንም አብዝቶ ያጥፋል። ይህን ለቅርብ የማስተካከል ተግባር ሐኪሞች አኮሞዴሽን ይሉታል፤ በዚህ ጽሑፍ ማነጣጠር ተብሏል።

ይህን አሠራር ጀርመናዊው የፊዚክስና የሕክምና ሊቅ ኸርማን ፎን ኼልምኾልትዝ ያብራራው እ.ኤ.አ. በ1855 ሲሆን፣ በሰሜን ታሪክ ያ ዓመት ደጃዝማች ውቤ ድል ተነሥተው ካሣ ኃይሉ በደረስጌ ማርያም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡበት 1847 ዓ.ም. ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1864፣ ሆላንዳዊው ሐኪም ፍራንሲስኩስ ዶንደርስ ባሳተመው መጽሐፍ በዕድሜ ምክንያት የሚመጣውን የማነጣጠር መድከም ከዓይን አፈጣጠር ከሚመጣው ችግር ለይቶ አሳየ፤ ዛሬ በየክሊኒኩ የሚሰጠው የመነጽር ምርመራም መሠረቱ ይኸው ልየታ ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶች ያረጋገጡት ጡንቻው እስከ እርጅና ድረስ መሥራቱን የማያቆም መሆኑን፣ የሚለወጠው በዋናነት ሌንሱ መሆኑን ነው፤ ሌንሱ በዕድሜ ሙሉ በላዩ ላይ አዳዲስ ድርብርብ እየጨመረ ይወፍራል፣ ይጠጥራልም፤ ክሮቹ ቢረግቡለትም እንደ ቀድሞው ሊለጠጥ አይችልም። ስለዚህ ዓይንን በማሸት ወይም በማሠራት ይህን መመለስ አይቻልም።

የመድከሙ ፍጥነት በአብዛኛው ሰው ዘንድ ተቀራራቢ ነው። የሌንስ ብርሃን የማጠፍ አቅም በዳዮፕተር የሚለካ ሲሆን፣ አንድ ዳዮፕተር በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ለማነጣጠር የሚያስፈልገው አቅም ነው፤ በአርባ ሳንቲ ሜትር ለማየት ሁለት ተኩል፣ በሠላሳ ሦስት ሳንቲ ሜትር ለማየት ደግሞ ሦስት ዳዮፕተር ያስፈልጋል። ሐኪሞች ለአማካይ ግምት የሚጠቀሙበት የታወቀ ስሌት እንደሚያሳየው የአሥር ዓመት ልጅ የማነጣጠር አቅም 15.5 ዳዮፕተር ያህል ሲሆን፣ በ45 ዓመት ወደ 5፣ በ60 ዓመት ደግሞ ወደ ግማሽ ዳዮፕተር ይወርዳል። ሰው ካለው አቅም ውስጥ ለረጅም ሰዓት ያለ ድካም ሊጠቀምበት የሚችለው ግማሹን ያህል ብቻ መሆኑ ሲታሰብ፣ ችግሩ ከአርባ እስከ አርባ አምስት ባለው ዕድሜ የሚጀምረው ለምን እንደሆነ ይገለጣል፤ የአምስት ግማሽ ሁለት ተኩል ነውና፣ ይህም የሰፌዱና የመጽሐፉ ርቀት የሚጠይቀው ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ክንድ እስከቻለ ድረስ ነገሩን ማራቅ ይረዳል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ክንድም ያጥራል፣ የራቀው ነገርም ለማየት ያንሳል።

የደጋው ቤት አሠራር ችግሩን ያጎላዋል። መስኮት በሌለው ወይም ጠባብ መስኮት ባለው ጎጆ ውስጥ ከምድጃ ብርሃንና ከኩራዝ ሌላ የሌለ እንደሆነ፣ ብሌኑ ብርሃን ለመሰብሰብ ይሰፋል፤ ብሌን በሰፋ ቁጥር ደግሞ ማነጣጠር ያልቻለ ዓይን የሚያየው ብዥታ ይበዛል። በጠራራ ፀሐይ ብሌኑ ስለሚጠብ ብዥታው ይቀንሳል፤ እናቶች ለቀማውን ደጃፍ የሚያወጡትም በልምድ ይህን ደርሰውበት ነው። በመርፌ በተበሳ ወረቀት ቀዳዳ ውስጥ አሾልቆ የሚያይ ሰው ያለ መነጽር ፊደል ሊለይ የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ይህን የሚሞክር ሰው ዓይኑ የደከመው በማነጣጠር ችግር መሆን አለመሆኑን በግምት ሊያውቅ ይችላል፤ በቀዳዳ ሲታይ ምንም ያልተሻለ ብዥታ ሌላ መነሻ ሊኖረው ስለሚችል ምርመራ ይሻል።

የችግሩ ስፋት ከእይታ ውጭ የሆነው በአለካኩም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በመላ ኢትዮጵያ የተካሄደው የዓይነ ስውርነትና የእይታ መቀነስ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶ ደግሞ እይታው የቀነሰ መሆኑን ያገኘ ሲሆን፣ ከእይታ መቀነሱ 33.4 በመቶ የሚሆነው በመነጽር ሊስተካከል በሚችል ችግር የመጣ እንደነበር ገልጿል። ይህ አኃዝ የአገሪቱ የዓይን ጤና ዕቅድ መነሻ ሆኖ ለዓመታት ያገለገለ ነው፤ ሆኖም ጥናቱ የእይታ መቀነስን የለካው በሩቅ እይታ ስለነበረ የሩቅ መለኪያ ሰሌዳውን አጥርታ የምታይ፣ ምስሩን ግን የማትለይ የሃምሳ ዓመት ሴት በቆጠራው ደህና ተብላ ታልፋለች። በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ የሚደረገውም ምርመራ አቅጣጫው የሚለዋወጥ ምልክት ያለበትን ሰሌዳ በስድስት ሜትር ርቀት ማሳየት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬ የቅርብ እይታ ጉድለትን ራሱን አስችሎ የሚለካ ሲሆን፣ በአርባ ሳንቲ ሜትር ርቀት የጋዜጣ ፊደል የሚያህለውን መለየት አለመቻል ብሎ ይተረጉመዋል፤ በዚህም መለኪያ በዓለም ዙሪያ 826 ሚሊዮን ሰዎች ቀላል መነጽር ስላላገኙ ብቻ በችግሩ ውስጥ እንደሚኖሩ አስታውቋል። ማንበብ ለማይችል ሰው መለኪያው ፊደል መሆን የለበትም፤ ትንንሽ ምልክቶች ያሉበት ካርድ፣ እሱ ከሌለ የራሱ የሥራ ዕቃ፣ መርፌና ክር ወይም አንድ እፍኝ ምስር ይበቃል።

በአካባቢው ለዚህ ሥራ የሚሆን መሠረት አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሐኪሞችንና ኦፕቶሜትሪስቶችን፣ ማለትም የእይታ መጠንን ለክተው መነጽር የሚያዙትን ባለሙያዎች፣ የሚያሠለጥን ሲሆን፣ ተመራማሪዎቹ በጎንደር ከተማ መምህራን ላይ ባደረጉት ጥናት የቅርብ እይታ መድከም ከግማሽ በሚበልጡት ዘንድ መኖሩን አሳይተዋል። ዳባት ላይ ደግሞ ይኸው ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የነዋሪውን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት የሚከታተል የምርምር ማእከል አለው። የገጠር ሰው ዕድሜ በግምት በሚነገርበት አገር ዕድሜ በመዝገብ የሚታወቅበት ሥፍራ መኖሩ ትልቅ ሀብት ነው፤ በዚያ የቅርብ እይታ ከሩቅ እይታ እኩል ቢለካ ለመላው ደጋ የሚያገለግል ዕውቀት ይገኝበታል።

መነጽር ማድረግ ዓይንን ያሰንፋል፣ አንዴ የለመደ ዓይን ያለ እሱ አያይም የሚለው እምነት ብዙ ሰው ያዘገያል። እምነቱ መነሻ የሌለው አይደለም፤ በ45 ዓመቱ መነጽር የጀመረ ሰው በ50 ዓመቱ ያለ መነጽር ሲሞክር ከቀድሞው የባሰ ሆኖ ያገኘዋል። ሆኖም ያባሰው መነጽሩ ሳይሆን ያለፈው አምስት ዓመት ነው፤ መነጽር ነክቶ የማያውቅ እኩያውም ተለክቶ ቢታይ በዚያው ደረጃ ላይ ይገኛል። መነጽሩ የሚያደርገው ሌንሱ መጨመር ያቃተውን ዳዮፕተር ከውጭ መጨመር ብቻ ሲሆን፣ የሌንሱን መጠጠር አያፋጥንም፣ አያዘገይምም።

ጥቅሙ ምን ያህል እንደሆነ ከተለካባቸው ሥራዎች አንዱ ሻይ ቅጠል መልቀም ነው። በሕንድ የአሳም ግዛት አርባ ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው ሻይ ለቃሚዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት፣ መነጽር የተሰጣቸው ሠራተኞች በቀን የሚለቅሙት ቅጠል ካልተሰጣቸው ይልቅ ከ20 በመቶ በላይ መጨመሩን አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከባንግላዴሽ የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ መነጽር ያገኙት የገጠር ሠራተኞች ገቢ በስምንት ወር ውስጥ ካላገኙት በአንድ ሦስተኛ ያህል በልጦ መገኘቱን ገለጸ። የሁለቱም ጥናት ተሳታፊዎች ሥራቸው በእጅ የሚሠራ የገጠር ሰዎች ስለሆኑ፣ ለደባርቁ ልብስ ሰፊና ለዳባቷ ፈታይ ከማንኛውም የቢሮ ሠራተኛ ምሳሌ ይልቅ ይቀርባሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም አጭር ሥልጠና የወሰዱ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ባለሙያዎች የቅርብ እይታን ለክተው ዝግጁ መነጽር እንዲሰጡ የሚያስችል የትምህርት ዝግጅት አውጥቷል። ከሊማሊሞ ማዶና ከተራሮቹ ሥር ላለ ሰው ለአንድ የማንበቢያ መነጽር ብቻ ጎንደር ድረስ መውረድ የሁለት ቀን ሥራና የመንገድ ወጪ ስለሚያስከትል፣ መነጽሩ በጤና ጣቢያ ደረጃ እንዲገኝ ማድረግ ለአካባቢው ጤና መሥሪያ ቤቶች ቅድሚያ የሚገባው ጉዳይ ነው።

በቅርብ ማየት የሚቸግረው ግን ያረጀ ሰው ብቻ አይደለም። አንዳንድ ልጅ የሚወለደው ከተለመደው ባጠረ የዓይን ኳስ ሲሆን፣ ብርሃኑ ሬቲና ላይ ከማረፉ በፊት ስላልተሰበሰበ ሩቅ ለማየት እንኳ ማነጣጠር ይገደዳል፤ ይህ ሃይፐሮፒያ ይባላል። የልጅ ሌንስ ለስላሳ ስለሆነ ጉድለቱን ይሸፍናል፣ የስድስት ሜትሩንም ሰሌዳ ያለ ችግር ያነባል፤ መጽሐፍ ላይ ግን ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ ግንባሩን ያመዋል፣ ፊደሉ ይዋኝበታል፣ ትምህርትም ይጠላል። ሌላው ችግር ሁለቱ ዓይኖች ወደ ቅርብ ነገር አብረው ወደ ውስጥ መዞር ሲያቅታቸው የሚመጣ ሲሆን፣ ልጁ ቃላትን ሁለት አድርጎ ያያል ወይም መስመር ይስታል። ለዚህ ችግር ብዙ ጊዜ የሚመከረው እርሳስን ወደ አፍንጫ እያቀረቡ መመልከት ነው፤ ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ በ221 ልጆች ላይ የታተመው ጥናት ቤት ውስጥ በእርሳስ ብቻ የሚደረገው ልምምድ ከማስመሰያ ሕክምና እንደማይሻል፣ በባለሙያ ክትትል የሚሰጠው የአሥራ ሁለት ሳምንት ልምምድ ግን ከአራት ልጆች ሦስቱን ያህል እንደረዳ አሳይቷል። ማንበብ የሚጠላ ልጅ ሰነፍ ከመባሉ በፊት ዓይኑ በቅርብ ሊለካ ይገባል።

የቅርብ እይታን ዕድሜና አፈጣጠር ብቻ ሳይሆኑ መርዝና ሕመምም ሊያደክሙት ይችላሉ። አስተናግር የተባለው ተክል በውስጡ አትሮፒን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው ብሌንን አስፍቶ የማነጣጠሪያውን ጡንቻ ያሽመደምዳል፤ የበላው ወይም የጠጣው ሰው ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ፊደል አይለይም፤ መጠኑ ከበዛም ለሕይወት ያሰጋል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰውም በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር የሌንሱ ውኃ ስለሚለዋወጥ እይታው በቀናት ውስጥ ይቀያየራል፤ እንዲህ ላለው ሰው ስኳሩ ሳይረጋ መነጽር ማዘዝ ገንዘብ ማባከን ነው።

መነጽር የሚመረጠው በዕድሜ ብቻ ሳይሆን በሥራው ርቀት ጭምር ነው። ገበያ ላይ የሚሸጡት ዝግጁ መነጽሮች ከፕላስ አንድ ጀምረው ብዙውን ጊዜ እስከ ፕላስ ሦስት ወይም ሦስት ተኩል የሚደርሱ ሲሆኑ፣ በአርባዎቹ መጀመሪያ ላለ ሰው ፕላስ አንድ፣ ለሃምሳ ዓመት ሰው ፕላስ ሁለት ያህል ብዙ ጊዜ ይስማማል። ሆኖም ሰፌዷን ጭኗ ላይ የምታደርግ ሴት መጽሐፉን ከሚያቀርበው እኩያዋ ያነሰ ቁጥር ሊበቃት ስለሚችል፣ መነጽሩን ስትሞክር በእጇ የሚኖረው የምትለቅመው ምስር ቢሆን ይመረጣል፤ ከሁለት ተቀራራቢ ቁጥሮችም አጥርቶ የሚያሳየው አነስተኛው ይበጃል። በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል የእይታ ልዩነት ያለበት ሰው ግን በዝግጁ መነጽር ስለማይረዳ በልክ የተሠራ ያስፈልገዋል። መነጽር መግዛት የዓይን ምርመራን አይተካም፤ ግላኮማ፣ ማለትም የዓይን ነርቭን ያለ ሕመም የሚጎዳው በሽታ፣ መጀመሪያ ላይ የቅርብ እይታን ስለማይነካ መነጽሩ ደህና ያሳየው ሰው ሳያውቀው ሊታወር ይችላልና።

ከስድሳ ዓመት በኋላ የማነጣጠር አቅሙ ከሞላ ጎደል ስላለቀ የመነጽሩ ቁጥር ብዙም አይቀያየርም፤ ስለዚህ ከዚህ ዕድሜ በኋላ የሚመጣ ለውጥ መነሻው ሌላ ነው። በተለይ ለዓመታት መነጽር የተጠቀመ ወይም ጨርሶ ማንበብ ያቆመ አዛውንት ድንገት ያለ መነጽር መርፌ ክር ማስገባት ሲጀምር፣ ቤተሰቡ ዓይኑ እንደታደሰ ቆጥሮ ይደሰታል። ይህ የሚሆነው የሌንሱ መሀል ከበፊቱ ይበልጥ ጠጥሮ ብርሃንን አብዝቶ ማጠፍ ስለጀመረ ሲሆን፣ የዓይን ሞራ መጀመሩን የሚያመለክት ነው፤ ቅርቡ በጠራ ልክ ሩቁ፣ ማለትም ገደሉና የገበያ መንገዱ፣ ይደበዝዛል፣ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላም ቅርቡ ራሱ ይከተላል። ጎጂው የፀሐይ ጨረር ከፍታ በአንድ ሺሕ ሜትር በጨመረ ቁጥር ወደ አሥር በመቶ እንደሚጨምርና ለሞራ ከሚያጋልጡት ነገሮችም አንዱ እንደሆነ ሲታወቅ፣ ከ2,800 ሜትር በላይ በሆነችው በደባርቅ ዕድሜውን ሙሉ ደጅ ሲሠራ የኖረ አዛውንት እንዲህ ያለ ለውጥ ሲታይበት መነጽሩን አስቀምጦ ሳይዘናጋ ሞራ ወደሚወጣበት ሆስፒታል ሊሄድ ይገባዋል።